ጥያቄና መልስ፦ ተማሪዎች በአንድ ሰነድ ላይ አብረው ሲጽፉ (ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል)

ጥያቄ፦ መምህር፣ 15 ኮምፒውተርና 50 ተማሪ አለኝ። ሁሉንም በአንድ ጎግል ዶክ (በኢንተርኔት ብዙ ሰው አብሮ የሚጽፍበት ሰነድ) ላስጽፋቸው?

መልስ፦ ጎግል ዶክ በአንድ ጊዜ እስከ 100 ሰው ይቀበላል፤ ቁጥሩ አያሳስብዎት። ችግሩ የሚመጣው ልጆቹ አንድ ገጽ ላይ ሲሻሙ ነው። አንዱ ኢንተር ሲጫን የሌላው ጽሑፍ ወደ ታች ይሸሻል፤ ሌላው ሁሉንም መርጦ ሲሰርዝ የክፍሉ ሥራ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ለየቡድኑ የራሱን ገጽ (ስላይድ) መስጠት በሚቻልበት በጎግል ስላይድ ይሥሩ። ልጆቹን በ4 በ4 ሲያቧድኑ 13 ቡድን ይሆናሉ (ሁለቱ 3 ልጆች ይኖራቸዋል)። 13 ስላይድ ያዘጋጁና በየስላይዱ የቡድኑን ቁጥር በትልቁ ይጻፉ። የተረፉት 2 ኮምፒውተሮች መጠባበቂያ ይሁኑ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ኪቦርዱን በየ7 ደቂቃው ያዘዋውሩ፤ ካልሆነ ፈጣኑ ልጅ ብቻ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ያያሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ልጅ የሌሎቹን ሥራ ቢሰርዝስ?

መልስ፦ ወዲያው ከታየ በዚያው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል ዜድ ይጫኑ። በእርስዎ ማሽን አይሠራም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚቀለብሰው የራሱን ብቻ ነው። ከቆየ ፋይል በሚለው ሜኑ ውስጥ ቨርዥን ሂስትሪን (የሰነዱን የቀድሞ ቅጂዎች ዝርዝር) ይክፈቱ። ሪስቶርን (ወደ ቀድሞው ቅጂ መመለሻውን) ለመጫን ግን አይቸኩሉ፤ ሰነዱን በሙሉ ወደ ኋላ ስለሚመልሰው ሌሎቹ ቡድኖች ከዚያ ወዲህ የጻፉትም አብሮ ይሄዳል። የድሮውን ቅጂ ለብቻው አውጥተው የጠፋውን ስላይድ ብቻ መልሰው ይለጥፉ።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ኢሜይል የላቸውም።

መልስ፦ ዕድሜ አስዋሽተው አካውንት አያስከፍቱ፤ በአብዛኛው አገር ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ነው። ሊንኩን ለያዘ ሁሉ የማረም ፈቃድ ከሰጡ በኮምፒውተር ያለ አካውንት ይገባሉ። ነገር ግን ስማቸው አይታይም፣ በእንስሳት ስም ነው የሚቀርቡት፤ የቡድን ቁጥሩ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሊንኩ ከክፍል ሊወጣ ስለሚችል የልጅ ሙሉ ስምና ፎቶ አይግባበት፤ ደወሉ ሲደወል ፈቃዱን ወደ ማየት ብቻ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ጃምቦርድ (የጎግል ዲጂታል ሰሌዳ) አልከፍት አለኝ።

መልስ፦ ጎግል በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ዘግቶታል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔታችን ይቆራረጣል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ኢተርፓድን (በብሮውዘር አብሮ መጻፊያ ፕሮግራም) እመክራለሁ፤ ነፃ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቀን ኖድ ጄኤስን (ኢተርፓድ እንዲሠራ የሚያስፈልገውን ፕሮግራም) እና ኢተርፓድን በላፕቶፕዎ ላይ ይጫኑ። ከዚያ በኋላ ዋይፋይ ራውተር ብቻ ይበቃል፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ልጆቹ ብሮውዘር ላይ የላፕቶፑን አይፒ (በኔትወርኩ ላይ ያለውን የቁጥር አድራሻ) እና የኢተርፓድን የፖርት ቁጥር 9001ን ይጽፋሉ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10:9001። የእያንዳንዱ ጸሐፊ ጽሑፍ በተለያየ ቀለም ይታያል። ገጹ አልከፍት ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚያግደው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው፤ 9001ን ይፍቀዱለት። ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ካለ ደግሞ አይፒው ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ራውተሩ ላይ ቋሚ ያድርጉት። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን ይጠፋል፤ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይግዙለት።