ስቴንት በሌለበት ዎርድ

የጻፈችልኝ ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዎርድ አራት ዓመት የሠራች ነርስ ናት። «የልብ ደም ቧንቧቸው በስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ከተከፈተላቸው ወይም ባይፓስ (ደሙ የጠበበውን ቦታ በሌላ መንገድ እንዲያልፍ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና) ከተሠራላቸው ሰዎች መካከል ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጥ እንደሚሞቱ አነበብኩና ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ ላደርገው አሰብኩ። ጓደኞቼ ግን ‹እኛ ጋ ስቴንት የት አለና? አዲስ አበባ ካልገባሽ ተይው› ይሉኛል። ልሂድ ወይስ ልተወው?» ትላለች።

እህቴ፣ ሁለቱም ይቅርብሽ። ጓደኞችሽ ስለ ስቴንቱ እውነታቸውን ነው፤ አንቺን የያዘሽ ጥያቄ ግን የሚፈታው በማነጻጸር ነው።

ስቴንት የሚገባላቸው ሴቶች በአማካይ ከወንዶቹ በዕድሜ ይገፋሉ፤ ስኳርና ደም ግፊትም ይበዛባቸዋል። የሟቾችን ቁጥር እንዲሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጪ የ70 ዓመት እናትን ከ55 ዓመት ጎልማሳ ጋር እያወዳደርሽ ነው። ዕድሜውና ተጓዳኝ ሕመሙ በስሌት ሲስተካከል ከሞቱ ልዩነት ብዙው ይጠፋል። መድማቱ ግን ሴቶቹ ላይ እንደበዛ ይቀራል፤ ስቴንቱን ወደ ልብ የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦ፣ ካቴተሩ፣ በብሽሽት መግባቱ ቀርቶ በእጅ አንጓ ሲገባ ይቀንሳል።

ባይፓስ ላይ ደግሞ ነገሩ ይጠማዘዛል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ51 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ተመልክቶ ሰፊውን ክፍተት ያገኘው ከ50 ዓመት በታች ባሉት ላይ ነበር፤ ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት ሴቶች መጠን ከእኩዮቻቸው ወንዶች 3 እጥፍ ገደማ። ዕድሜ ሲጨምር ክፍተቱ ጠበበ። ለዚህ እርጅናን ምክንያት ማድረግ አይቻልም። እኔን ይህ ውጤት እንቅልፍ ይነሳኛል፤ አንቺንም ከነሳሽ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) ወይም ባዮስታቲስቲክስ (የጤና ስታቲስቲክስ) ተማሪ። የካቴተር ክፍል ነርስነት መልካም ሙያ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው ባለበት ከተማ ያስርሻል።

ርዕሱን እጅሽ ወዳለው ነገር አምጪው፦ በልብ ሕመም የተኙ ወንዶችና ሴቶች፣ በዕድሜ ተከፍለው፣ ሕመሙ በጀመራቸው በስንተኛው ቀን መጡ? ከሆስፒታሉስ እንዴት ወጡ፣ ተሽሏቸው ወይስ ሞተው? አደራ፣ ምርመራቸውን ለይተሽ መዝግቢ። እኛ ዎርድ ከሚተኙት ወጣት ሴቶች ብዙዎቹን የሚያመጣቸው የልብ በሮችን የሚጎዳው የሩማቲክ ልብ ሕመም ነው፤ ከደም ቧንቧ ጥበት ጋር ካደባለቅሽው ውጤትሽ ሁሉ ይበላሻል።

ትልቁ ፈተናሽ ግን ዕድሜ ነው። ካርድ ክፍል ገብተሽ እዪ፤ 45፣ 50፣ 60፣ 70 ይደረደራል፤ 47 እና 63 የሚባል ሰው ወሎ ውስጥ ያልተወለደ ይመስላል። የሚጽፈው ሰው ይገምታል፣ ታማሚዋም ትስማማለች። «በ77ቱ ድርቅ የበኩር ልጄን አዝዬ ነበር» ያለችሽን እናት ካርዱ 50 ካላት፣ ያኔ ገና 10 ዓመት አልሞላትም ማለት ነው! የእሷን አነጋገር እመኚ። ጃንሆይ ሲወርዱ፣ ደርግ ሲወድቅ፣ የመጀመሪያ ልጅ፣ ሠርግ፤ እነዚህን አንድ ገጽ ላይ ከነዓመታቸው ደርድሪና እየጠየቅሽ ዕድሜውን አስይው። ለዚህ ሥራ የወሎን ሰው አነጋገር የምታውቅ ነርስ ከማንም ትሻላለች።

ክትትሉም ቀላል አይደለም። የባቲን ሰው ለሰኞ ከቀጠርሽው ገበያው ይበልጥበታል። የቀረውን ሁሉ ሞተ ወይም ዳነ ብለሽ አትሙዪው፤ የስልኩንም የልጁንም ቁጥር ያዢ።

አሁኑኑ ፕሮፖዛል አትጻፊ። መጀመሪያ ኃላፊሽን አስፈቅጂና ያለፈው ዓመት 30 ካርድ አውጪ። ስም ሳትገለብጪ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ምርመራ፣ የመጣበት ቀን፣ አወጣጥ የተሞላበት ስንቱ እንደሆነ ቁጠሪ። ቁጥሩን ላኪልኝ፤ 25 ከሆነ አንድ ርዕስ፣ 10 ከሆነ ሌላ ርዕስ እንመርጣለን።