ከመንደራችን በላይ ያለው የቆዳ ፋብሪካ ጤናችንን እየጎዳው ነው፤ መክሰስ እንችላለን?

ጥያቄ፦ የገጠር ቀበሌ ነዋሪዎች ነን። ከመንደራችን በላይ በኩል የተተከለ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሹን በምንገለገልበት ወንዝ ውስጥ ይለቃል፤ ሽታው ሌሊት እንቅልፍ ይነሳናል። ልጆቻችን ቆዳቸው ይቆጣል፣ ያስላቸዋል። ለቀበሌው በቃል ብናመለክትም ፋብሪካው ፈቃድ ስላለው ምንም ማድረግ እንደማይቻል ተነገረን። በሕግ መጠየቅ እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ። የኢንቨስትመንት ፈቃድ የመበከል ፈቃድ አይደለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44(1) ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው የሚደነግግ ሲሆን፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 3 ብክለትን ከልክሎ፣ በሰው ጤና ላይ አደጋ የደቀነ ድርጅት እስከ መዘጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ መዛወር የሚደርስ እርምጃ ሊወሰድበት እንደሚችል ያስቀምጣል።

ለቀበሌው በቃል የተናገራችሁት ግን በሕግ ፊት ብዙም አይጠቅማችሁም። በአዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት እንኳ ሳያስፈልገው፣ በካይ ነው በሚለው ላይ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የመወሰኛው ጊዜ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። ስለዚህ አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ሳይሰፍርበት አትመለሱ።

ካሳን በተመለከተ መሠረቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2069 መርዛማ ነገሮችን በመጠቀም ወይም በማከማቸት፣ እንዲሁም የተለየ አደጋ ያለው የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰን ሰው፣ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። የፋብሪካው ጠበቃ ሥራው እንዲህ ያለ አደጋ የለውም ብሎ መከራከሩ ስለማይቀር፣ የትኞቹ ኬሚካሎች እንደሚገቡና እንዴት እንደሚወገዱ ማወቁ ለክሱ ወሳኝ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሕመሙ ከፋብሪካው የመጣ መሆኑን ማስረዳት ነው፤ ሳልም ሆነ የቆዳ መቆጣት ብዙ መነሻ አለውና፣ ተከሳሹ የማገዶ ጭስን ወይም ሌላ ምክንያት መጥቀሱን ጠብቁ። በቆዳ ፋብሪካ አብዛኛውን ጊዜ የክሮሚየም ጨውና ሰልፋይድ የተባሉ ኬሚካሎች ይገኛሉ። ሰልፋይድ ያለበት ፍሳሽ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሲሆን ዓይንና ጉሮሮን ያስቆጣል፤ ሄክሳቫለንት የሚባለው የክሮሚየም ዓይነት ደግሞ ቆዳን ያቆስላል፣ ካንሰርም ያመጣል። በመሆኑም «ውኃው ይመርመርልን» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። ሰልፋይድና ጠቅላላ ክሮሚየም፣ ሄክሳቫለንቱም ለብቻው፣ እንዲለኩ፤ ናሙናውም ፍሳሹ ወንዙን ከሚቀላቀልበት ቦታ በላይና በታች እንዲወሰድ በአቤቱታው ላይ በግልጽ ጻፉ። ከላይ ንጹሕ፣ ከታች የተበከለ ሆኖ ከተገኘ የክርክሩ ግማሽ አለቀ ማለት ይቻላል። በራሳችሁ ጠርሙስ የቀዳችሁት ውኃ በቀላሉ ውድቅ ሊደረግ ይችላል፤ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ግን ቅድሚያ ሳያሳውቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ ግቢው ገብቶ ናሙና የመውሰድ ሥልጣን አለው።

ልጆቹን ስታሳክሙም ሐኪሙ ምልክቱ የጀመረበትን ጊዜና ከወንዙ ጋር ያላቸውን ንክኪ በካርዱ ላይ እንዲያሰፍር ጠይቁ፤ ቀኑ ያልታወቀ የሕክምና ወረቀት በፍርድ ቤት ደካማ ነው። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስላት ካልተቻለ ግን ዳኛው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ ሊወስን ስለሚችል፣ ደረሰኝ የለንም ብላችሁ ወደኋላ አትበሉ።

ሁላችሁም በየግል መክሰስ አይጠበቅባችሁም፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38 መሠረት አንድ ዓይነት ጥቅም ያላችሁ ነዋሪዎች በፍርድ ቤቱ ፈቃድ በጥቂት ተወካዮች ልትከሱ ትችላላችሁ። ፍሳሹ ክሱ እስኪያልቅ እንዲቆም ከፈለጋችሁ የእግድ ጥያቄውን ከክሱ ጋር አያይዙት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 519ም በብክለት ላይ እስራት ስለሚደነግግ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል፤ የካሳ ጥያቄያችሁ ግን የወንጀሉን ውጤት ይጠብቅ አልልም።

ምክንያቱም ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ብክለቱ ዛሬም ስላልቆመ ጊዜው ገና አልተቆጠረም የሚል ክርክር ማንሳት ቢቻልም፣ በዚያ ላይ መተማመን አደገኛ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ የምታቀርቡት አቤቱታም ይርጋውን (ይህን የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ያቆምልናል ብላችሁ አትዘናጉ። የመጀመሪያው ልጅ ምልክት የጀመረበትን ቀን ከካርዱ ፈልጋችሁ ሁለቱን ዓመት ከዚያ ቁጠሩ።