ዲኤሙ የወደቀ ዳይስ ሲለውጥ ካየህ

ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ነው ያልከው፦ ከጓደኞችህ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ የሚጫወቱትን የምናብ ታሪክ ጨዋታ ትጫወታላችሁ። ዲኤሙ፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራውና ጭራቆቹን የሚያጫውተው ሰው፣ የልብ ጓደኛህ ነው። ዳይሱን የሚጥለው ከካርቶኑ ከለላ ጀርባ ነው። ባለፈው ውኃ ልትቀዳ ስትነሳ ዓይንህ አረፈበት። ጭራቁ በባለ 20 ገጹ ዳይስ 19 አምጥቷል፣ ዲኤሙ ግን «ስቶሃል» አለህ። ካራክተርህ፣ አንተ የምትጫወተው ገጸ ባሕርይ፣ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ቀዘቀዘብህ። «አድኖኝ ሳለ ለምን ከፋኝ? ልንገረው ወይስ ዝም ብዬ ልውጣ?» ብለሃል።

ቢከፋህ አይፈረድብህም። ዛሬ 19ኙን ደብቆ ካዳነህ፣ ነገ 3 መጥቶ ሳለ ሊመታህም ይችላል ማለት ነው። የቱ የዳይሱ፣ የቱ የሱ ፈቃድ እንደሆነ መለየት አትችልም። ያለፉትን ድሎችህንም መጠርጠር ትጀምራለህ። «ያንን ድራጎን የገደልነው እውነት እኛ ነን?» ያሰኝሃል። ልፋትህን ነው የወሰደብህ።

እኔ በተጫዋችነትም በዲኤምነትም ብዙ ቆይቻለሁ። አቋሜ አንድ ነው፦ ዳይሱ ከመውደቁ በፊት ዲኤሙ የፈለገውን ይወስን፤ ከወደቀ በኋላ ግን አይነካም። ሚስጥር መያዙ ችግር የለውም። ንጉሡ ከሃዲ መሆኑን ለወራት ቢደብቅህ ሥራው ነው። ጠላቶቹን ከስድስት ወደ አራት ቢቀንስ፣ የማምለጫ በር ቢያስቀምጥ፣ «ይሄ ዳይስ አያስፈልገውም፣ ተሳክቶልሃል» ቢልህ ሁሉም መብቱ ነው። ዳይስ ካስጣለ ግን «ውጤቱን እንቀበላለን» ብሎ ቃል ገብቷል።

ጓደኛህን ግን አጭበርባሪ አትበለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአምስተኛው እትም የዲኤም መመሪያ ራሱ፣ ከከለላ ጀርባ መጣል ውጤቱን ለመለወጥ እንደሚያመች ይናገራል። ይህ ግን እንዳይበዛ፣ ተጫዋቾቹም እንዳያውቁ ያስጠነቅቃል፤ ካወቁ እውነተኛ አደጋ የለብንም ብለው ያስባሉና። አንተ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እኔ ከመመሪያው ጋር የማልስማማው «እንዳያውቁ» የሚለው ላይ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ለወራት አብረህ ተቀምጠህ አለመታወቅ አይቻልም። ሰው ፊት ያነባል።

ክርክሩ ከጨዋታው ከራሱ በዕድሜ ይበልጣል። የፕሩሲያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1824 መኮንኖቹን ማሰልጠን የጀመረበት የጦርነት ጨዋታ ዳኛም ዳይስም ነበረው። በ1876 ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የሚባል መኮንን ሕጉንና ዳይሱን ትቶ ነገሩን ለዳኛው ልምድ ሰጠ። ይህም ይሠራል፤ ሁሉም ዳኛው እንደሚወስን አውቆ ነው የሚቀመጠው። ችግሩ «ዳይሱ ነው የወሰነው» እየተባለ ዳኛው ሲወስን ነው።

እምነት የሚገነባው እንዴት እንደሆነ ያየሁበትን አንድ ምሽት ልንገርህ። የገመድ ድልድይ ላይ ነን። ቀስተኛዋ ገመዱን ይዛ እኛን ታሻግራለች፣ ኦገር የሚባል ግዙፍ ጭራቅ ደረሰባት። ዲኤማችን ከለላውን አጥፎ ወደ ጎን አደረገው። «መከላከያሽ 15 ነው፤ እሱ ዳይሱ ላይ 6 ይጨምራል። 9ና ከዚያ በላይ ከመጣ ይመታሻል። ጉዳቱ ሁለት ባለ 8 ገጽ ዳይስ ሲደመር 4 ነው፤ የቀረሽ ነፍስ 9 ብቻ ነው። ገመዱን ለቀሽ መሸሽ ትችያለሽ። ምን ታደርጊያለሽ?» አላት። እሷም «እይዛለሁ» አለች። መሀል ጠረጴዛ ላይ ጣለው፤ 14። ጉዳቱ 5 እና 6፣ ከ4 ጋር 15። ወደቀች። የሞት ዳይሷን ራሷ ጣለች። 10ና ከዚያ በላይ ሦስት ጊዜ ከመጣ ትድናለች፣ ሦስት ጊዜ ከዚያ ካነሰ አበቃ። 4። 12። 7። እኛ ልንደርስላት እየተሯሯጥን ነው። 3።

ማንም አልተከራከረም። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ተሻገራችሁ አይደል?» ነው ያለችው። ዲኤሙ ቢያድናት ኖሮ ያ ውሳኔዋ ዋጋ አይኖረውም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው «ይሄ አደገኛ ነው» ሲለን እናምነዋለን።

ይህን መንገድ ሕጋቸው ያደረጉ ጨዋታዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ ዳይስ ከመጣሉ በፊት አደጋው ምን ያህል እንደሆነና ቢሳካ ምን እንደሚገኝ በግልጽ እንዲነገር ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ ደግሞ መሪው ዳይስ አይነካም፤ የሚጥሉት ተጫዋቾቹ ናቸው።

ስለዚህ ንገረው። ግን በሰው ፊት አይሁን። ጠረጴዛው ላይ ካነሳኸው ይከላከላል እንጂ አይሰማህም። ለብቻው ቡና ጋብዘው። «19ኙን አይቻለሁ፤ እንዳልሞትብህ ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ብሞት ይሻለኛል» በለው። ይሉኝታ ይዞን ዝም ማለት፣ ከዚያ «ሥራ በዛብኝ» እያሉ መቅረት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ስንት ጥሩ ቡድን እንዲህ ፈርሷል። ዲኤሙም ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ይቀራል።

ካራክተር ሲሞት የሚያዝን ተጫዋች ካላችሁም ስለ ሞት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። «በዚህ ታሪክ ሞት አለ ወይስ የለም?» የሚለው የሴሽን ዜሮ፣ ማለትም ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው የመነጋገሪያ ስብሰባ፣ ጥያቄ ነው፤ ካለፈም ዘግይቶ መነሳት ይችላል። የለም ካላችሁ በግልጽ የለም ይባል። መማረክ፣ ዕቃ መነጠቅ፣ ክንድ ማጣት ይተካዋል።

አንተም ወገብህን አጥብቅ። የቀረህን ነፍስ፣ የጨረስከውን አስማት፣ ቀስት ሳይቀር በትክክል ቁጠር። ዲኤሙ ወረቀትህን እየዞረ አያይም፤ አምኖህ ነው። አንተ 2 ቀርቶህ «5 አለኝ» እያልክ የሱን 19 ልትጠይቅ አትችልም።

ሁሉንም በግልጽ መጣል ከከበደው በትንሹ ጀምሩ። ስውር ነገር የሚፈልጉት፣ ለምሳሌ ወጥመድ መፈለግና ውሸት ማወቅ፣ ከጀርባ ይቆዩለት። ነፍስ የሚነካው ምት ብቻ፣ የሚፈለገው ቁጥር አስቀድሞ ተነግሮ፣ መሀል ጠረጴዛ ላይ ይውደቅ። ለሦስት ጨዋታ ሞክሩት። ይህንንም እምቢ ካለ፣ ያኔ ጓደኝነታችሁን ይዘህ ሌላ ዲኤም ፈልግ።