ሚስትነትዎ እውነተኛ ነው፤ ወረቀቱን ሐሰተኛ አያድርጉት

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ፤ ከአምስት ወር በፊት ደግሞ አረፈ። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። በ2000 ዓ.ም. በሽማግሌ ተጋብተን የ13 እና የ9 ዓመት ልጆች አፍርተናል። ከእኔ በፊት የወለደው የ34 ዓመት ልጅም አለው። የጋብቻ ሰርተፍኬት የለንም፤ ፋይሉ ላይም ስምሽ የለም አሉኝ። እስካሁን ቤቱን የያዝኩት ከባንክ እያወጣሁ ነው። ከጡረታው ስንት ይደርሰኛል? የጋብቻ ሰርተፍኬትስ አሁን ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የባለቤትዎን ነፍስ ይማር።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ ቀላል ስለሆነ በእሱ ልጀምር። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ለሟች ሚስት የሚደርሳት ሟቹ ያገኝ ከነበረው አበል 50 በመቶ ነው። ዕድሜያቸው 18 ላልሞላ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 20 በመቶ ይከፈላል። ለምሳሌ የባለቤትዎ የወር አበል 4,000 ብር ከነበረ ለእርስዎ 2,000፣ ለልጆቹ ደግሞ 800፣ 800 ብር ይሆናል። ባለቤትዎ ሲጦሯቸው የነበሩ እናት ወይም አባት ካሉ እነሱም ተተኪ (የሟቹን አበል የሚካፈሉ) ስለሆኑ አይዝለሏቸው። የሁሉም ድምር ግን ከሟቹ አበል ሊበልጥ አይችልም። የ34 ዓመቱ ልጅ ከጡረታው ድርሻ የለውም። የወራሽነት ማስረጃ ይዞ ቢመጣም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 828 መሠረት በሞት ምክንያት ለትዳር ጓደኛና ለዘመድ የሚከፈል ጡረታ የውርስ ሀብት አይደለም። በቤቱና በሌላው ንብረት ላይ ያለው የወራሽነት መብት ግን እንዳለ ነው፤ ሁለቱን አያደባልቁ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ያሳስበኛል። «ሰርተፍኬት አሁን ማውጣት እችላለሁ?» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ወረዳ የማውቀው ሰው አለ፣ በድሮ ቀን ያሠራልሻል» ተብሏል። እርስዎ ይህን አልጻፉልኝም፤ ካልተባሉም ይቅርታ። ተብለው ከሆነ ግን እባክዎ እዚያው ያቁሙት። ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው፤ የሚያሳዝነውም ብዙዎቹ የሚወድቁት እውነተኛ ትዳር ይዘው መሆኑ ነው።

በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ በሽማግሌ መጋባትዎ ጋብቻ ነው፤ የጎደለዎት ማስረጃው ብቻ ነው። ሕጉ ለዚህም መንገድ አለው። የምዝገባ ወረቀት በሌለበት ፍርድ ቤት ጋብቻውን በትዳር ሁኔታ መኖር ሊያረጋግጥ ይችላል። ይህም ማለት ሁለታችሁ እንደ ባልና ሚስት ስትተያዩ፣ ቤተ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያው ሲቀበላችሁ መኖራችሁ ነው። ለዚህ አራት ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ የሥጋ ዘመድ መሆናቸው ግድ አይደለም፣ ቢሆኑም ግን አይከለከልም።

በድሮ ቀን የተሠራ ወረቀት ሲገባስ? መዝገቡ ሲመረመር ተራ ቁጥሩ ከዓመቱ ጋር አይገጥምም፣ ወይም የፈረመው ሹም በዚያ ዓመት እዚያ አልነበረም። ያን ጊዜ የወንጀል ክስ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚያቀርቧቸውን እውነተኛ ምስክሮችም ቢሆን ማን ያምንልዎታል?

ምስክሮችዎን በጥንቃቄ ይምረጡ። በ2005 ዓ.ም. ወደ ሰፈሩ የገባች ጎረቤት ስለ 2000 ዓ.ም. ልትናገር አትችልም፤ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቃትም መቼ እንዳወቀችዎት ነው። ሽምግልና የሄደ፣ በሠርጉ የቆመ ወይም በእድር አብሯችሁ የቆየ ሰው ይሻላል። ምስክር «አብረው ይኖሩ ነበር» ብሎ ካቆመ አደጋ አለው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከቆየ ለጋራ ንብረት ይጠቅማል፤ ለጡረታ የሚጠየቀው ግን የጋብቻ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ምስክሩ የሚያውቀውን፣ ሽማግሌ መላኩንና ማን ምን እንዳለ፣ በራሱ አንደበት ይናገር። እርስዎ አያስጠኑት። ከምስክሮቹ ጋር ስምዎ በሚስትነት የተጻፈበትን የእድር ደብተር፣ የቀበሌ ወይም የወረዳ የቤተሰብ ቅጽ፣ የልጆቹን የክርስትናና የልደት ማስረጃ፣ ሆስፒታል ባለቤትዎን ሲያሳክሙ የፈረሙበትን ወረቀት ይሰብስቡ።

አሁን ደግሞ በአንድ መስመር ወዳለፉት ጉዳይ። የ34 ዓመቱ ልጅ እናት አለው። ከባለቤትዎ ጋር ተጋብተው ነበር? ከተጋቡስ ፍቺው የት ተፈጸመ? ፋይሉ ላይ ስምዎ የለም ሲሉዎት «የማን ስም አለ?» ብለው ጠይቀዋል? መንግሥት ሠራተኛ ሲቀጠር በሚሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ የትዳር ጓደኛና ልጆች ይጻፋሉ፤ ብዙ ሰው ደግሞ አንዴ ሞልቶ ተመልሶ አያሻሽለውም። የመጀመሪያዋ ሚስት ስም እዚያ ካለና ፍቺው ካልተረጋገጠ የጡረታ አስተዳደሩ ማመልከቻዎን ቢያቆመው አይፈረድበትም።

ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። ከዚያ በፊት ግን በአሮጌው ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺ ይወስኑ ስለነበር፣ የባለቤትዎ ፍቺ የዚያ ዘመን ከሆነ የሽምግልና ውሳኔውን ጽሑፍ ያፈላልጉ። ምንም ጽሑፍ ከሌለ፣ ለረጅም ዓመታት ተለያይተው ሌላ ትዳር የመሠረቱ ሰዎች ጋብቻቸው በተግባር ፈርሷል ብሎ የሰበር ሰሚ ችሎት የወሰነባቸው ጉዳዮች አሉ። ይህ ግን ያለ ጠበቃ የሚሞከር ክርክር አይደለም። ሴትየዋን ደብቀው የባልና ሚስትነት ማስረጃ ቢያወጡም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 358 መቃወሚያ ልታቀርብ ትችላለች፤ ማስረጃው ሊሰረዝ ይችላል። የእናቱን ነገር የሚያውቀው ልጁ ነውና ጠርተው ያነጋግሩት። ቅር ተሰኝታችሁ እንደሆነም አሁን የሚኮራረፉበት ጊዜ አይደለም።

በመጨረሻ የባንኩ ነገር። በሟች ስም የሚገባውን አበል በካርዱ እያወጡ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። «ውክልና አለኝ» ቢሉም ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል። ያለ አግባብ የተከፈለ ገንዘብ ይመለሳል፤ ራሳቸው ቀድመው ያሳወቁ ሰዎች ጉዳይ ደግሞ ተደብቆ ከተገኘው ይለያል። የሞት ምስክር ወረቀቱን ከወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አውጥተው፣ መሞታቸውን ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር በጽሑፍ ያሳውቁ። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም ያስቀሩ። ካረፉበት ቀን ጀምሮ ያለውን የባንክ የሂሳብ መግለጫ ያስወጡና ወደ ጠበቃ ሲሄዱ ከላይ ከጠቀስኳቸው ሰነዶች ጋር ይዘውት ይሂዱ። በሰነዶቹ ላይ የባለቤትዎ ስም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መጻፉንም አስቀድመው ያረጋግጡ፤ «ኃይለ ማርያም» እና «ሃይለማሪያም» ተብሎ የተጻፈ ፋይል ስንት ጊዜ እንደሚመለስ ጠበቃዎ ይነግርዎታል። ውዝፍ አበል በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ ሊታገድ ስለሚችል ይህን ሁሉ ለሚቀጥለው ዓመት አያቆዩት።