መልስ፦ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት ለምን አራት እጥፍ?

ጥያቄህ «መኪና በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ተይዞ በ10 ሜትር ከቆመ፣ በ72 ሲሆን ለምን 20 ሳይሆን 40 ሜትር ይፈጃል?» ነው። ግራ መጋባትህ አይገርምም፤ እኔም 11ኛ ክፍል ሳለሁ ፎርሙላውን ሸምድጄ ነው ያለፍኩት።

ፎርሙላውን ለጊዜው ተወው። ፍሬኑ በሁለቱም ጊዜ የሚይዘው በእኩል ፎርስ (ኃይል) ከሆነ፣ በየሰከንዱ የሚቀነሰው ፍጥነትም እኩል ነው። ስለዚህ በእጥፍ ፍጥነት የሚሄደው ለመቆም እጥፍ ጊዜ ይወስድበታል። እስከዚህ ልክ ነህ። የዘነጋኸው ግን በዚያ እጥፍ ጊዜ ውስጥ አማካይ ፍጥነቱም እጥፍ መሆኑን ነው። ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት!

በቁጥር እንየው። መኪናው 2,000 ኪሎ የሚመዝን ሚኒባስ ይሁን። 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት 10 ሜትር በሰከንድ ነው። ካይኔቲክ ኢነርጂ (አንድ ነገር በመንቀሳቀሱ የሚኖረው ኢነርጂ) የማሱ ግማሽ ሲባዛ በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ፣ 1,000 × 100 = 100,000 ጁል (የኢነርጂ መለኪያ) ነው። በ72፣ ማለትም በ20 ሜትር በሰከንድ፣ ደግሞ 400,000 ጁል። ይህን ሁሉ የሚጨርሰው ፍሬኑ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ሥራ ማለት ፎርስ ሲባዛ በርቀት። ፎርሱ 10,000 ኒውተን ከሆነ 10 እና 40 ሜትር ይወጣልሃል። ጁሉ የትም አልጠፋም፣ ወደ ሙቀት ተቀየረ እንጂ። ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ የሚሸተው የፍሬን ሸራ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሹፌሩ አይቶ ፍሬኑን እስኪረግጥ መኪናው የሚሄደው ርቀት እዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም። እሱ ግን አንተ እንደጠበቅከው እጥፍ ብቻ ነው የሚሆነው።