ጎመን እየበላች ቫይታሚን ያጣች እናት

በደጀን፣ በቢቸናም ሆነ በዳንግላ በየጤና ጣቢያው ለተመደባችሁ ወጣት አዋላጆች፤

ልጆቼ፣ ጉበቷ የታመመ እርጉዝ ስትመጣ «ምን ትብላ?» ከማለታችሁ በፊት የበላችው ወደ ደሟ መግባቱን አስቡ። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ከአንጀት የሚመጠጡት ከስብ ጋር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሐሞት ያስፈልጋል። ጉበቷ ታሞ ሐሞት ሳይፈስ ሲቀር ጎመን በኑግ ዘይት እየተሠራ በየቀኑ ቢቀርብላት እንኳ ኬው ከሰገራዋ ጋር ይወጣል። ያለ ኬ ደግሞ ጉበት ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች በወጉ አይሠራም። የኤ እጥረት ቀስ ብሎ ይመጣል፤ የኬ ክምችት ግን ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀውም ስትወልድ ደሟ አልቆም ሲል ነው።

ስለዚህ ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ በየክትትሉ መዳፏንና ውስጥ እግሯን፣ በተለይ ሌሊት፣ ያሳክካት እንደሆነ ጠይቋት፤ ሐሞት ሳይፈስ ሲቀር ያሳክካልና። ሽፍታ የለም ብላችሁ አትለፉት፤ በዚህ ሕመም የሚታየው የራሷ የጥፍር ጭረት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሽንቷ ጠቁሮ፣ ሰገራዋ ነጥቶ ወይም ቅባት በዝቶበት እንደሆነም ጠይቁ፤ ይሉኝታ ይዟት ራሷ አታነሳውም። ለወፍ በሽታ ቅጠል ጠጥታ ከሆነ ሳትቆጡ አናግሯት፤ አንዳንዱ ቅጠል ጉበትን ይጎዳልና። ለማሳከኩ ኮሌስታይራሚን (ሐሞትን አንጀት ውስጥ ይዞ የሚያስወጣ መድኃኒት) የምትወስድ ከሆነ እጥረቱ ይብሳል። ይህ ሕመም ለፅንሱም አደጋ ሊሆን ስለሚችል ሆስፒታል ላኳት።

ፒቲና አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለኩ የላቦራቶሪ ምርመራዎች) በማይሠራበት ቦታ 2 ሚሊ ሊትር የደም ሥር ደም በንጹሕና ደረቅ ተራ የመስታወት ቱቦ ቅዱና በጭብጣችሁ አሙቁት። ከ4 ደቂቃ በኋላ ቀስ ብላችሁ ዘንበል አድርጉት፤ ከዚያም በየደቂቃው። በ7 ደቂቃ ካልረጋ ወይም የረጋው ለስላሳ ሆኖ በቀላሉ ከፈረሰ የደም መርጋት ችግር አለ። ያኔ መርፌ በጡንቻ አትውጓት፤ ደም ሊቋጥር ይችላል። ሐኪም ሲያዝ ቫይታሚን ኬ 10 ሚሊ ግራም በሳላይን ተበርዞ በደም ሥር ቀስ ብሎ ይሰጣል። ሥራው ሰዓታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ምጥ እስኪመጣ አይጠበቅም። በ24 ሰዓት ውስጥ አይኤንአሩ ከተስተካከለ የጎደለው ኬ ነበር፤ ካልተስተካከለ ጉበቱ ራሱ ደክሟል፤ ፕላዝማ (ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች ያሉበት የደም ፈሳሽ ክፍል) ወዳለበት መሄድ አለባት።

«ቫይታሚን አጥሯታል» ተብሎ ግን የሕፃናቱን የቫይታሚን ኤ ካፕሱል፣ የ100,000ም ሆነ የ200,000 ዩኒቱን፣ ፈጽሞ አትስጧት። በቀን ከ10,000 ዩኒት በላይ የፅንሱን አካል ሊያጎድል ይችላል፤ የታመመ ጉበትንም ይጎዳል። ብረቷንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሌቷን ትቀጥል። ብዙ ካስታወካት ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ይሰጣት።

ሕፃኑም ያለ በቂ የኬ ክምችት ስለሚወለድ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት 1 ሚሊ ግራም ጭኑ ላይ ይወጋ። አምፑሉን ስትሰብሩ ጽሑፉን አንብቡ፤ የአዋቂው 10 ሚሊ ግራም ነው።