ብሩሹ እጁን ያፍታታዋል?

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት። ቀኝ እጁን ጨብጦ ነው የሚውለው፤ ሁሉንም ነገር በግራው ይሠራል። ቴራፒስቱ ክንዱን በለስላሳ ብሩሽ ያሽለታል፣ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጦ ያሽከረክረዋል። ልጁ ደስ ይለዋል። እጁ ላይ ግን ለውጥ አላየሁም። ልቀጥል ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ዥዋዥዌውን ከወደደው ይጫወትበት። እጁን ይፈታለታል ብለው ግን አይጠብቁ። እኔም ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ማለትም የዕለት ተዕለት ሥራዎችን የማለማምድ ባለሙያ ነኝ፤ ይህን በማለቴ አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ቅር ይላቸው ይሆናል።

ብሩሹና ዥዋዥዌው የስሜት ህዋሳትን የማቀናጀት ሕክምና ከሚባለው የመጡ ናቸው። ይህን ሕክምና የጀመረችው ጂን አይረስ የተባለች አሜሪካዊት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ናት። እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመችው መጽሐፍ ያተኮረው ትምህርት በሚከብዳቸው ልጆች ላይ ነበር። ሴሬብራል ፓልሲ ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ብዙ ጥናቶችን ያገላበጡ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ይህን ሕክምና ለሴሬብራል ፓልሲ ከማይመከሩት ጋር መድበውታል።

የእጅ የመዳሰስ ስሜት ራሱ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ችግሩን የጡንቻ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ጉዳቱ ያለው አንጎል ላይ ስለሆነ ብዙዎቹ ልጆች እጃቸው ምን እንደያዘ በደንብ አይታወቃቸውም። የማይሰማውን እጅ ማን ይጠቀምበታል?

እስቲ ይህን ይሞክሩ። ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ማንኪያ፣ ቁልፍና ትንሽ ኳስ ይክተቱ። ሳያይ፣ መጀመሪያ በግራው፣ «ቁልፉን አውጣልኝ» ይበሉት። ቀጥሎ በቀኙ። ጣቶቹ አልታዘዝ ካሉት ዕቃውን መዳፉ ላይ አድርገው እርስዎ ያገላብጡለት፤ ምን እንደሆነ ይንገርዎት። ግራው ወዲያው ለይቶ ቀኙ ካቃተው፣ እጁ ስሜትም ጎድሎት ሊሆን ይችላል። ውጤቱን ለቴራፒስቱ ይንገሩት።

ለእጅ የተሻለ ማስረጃ ያለው ልጁ ራሱ የሚፈልገውን ሥራ ደጋግሞ መሥራቱ ነው። ሁለት እጅ የሚጠይቅ ነገር ይምረጡለት፦ ክዳን መክፈት፣ ካልሲ ስቦ ማውለቅ፣ ወረቀቱን በቀኙ ደግፎ በግራው መሳል። ቀኙ የግራው ረዳት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ስሜቱም እዚያው ሥራው ውስጥ ይግባ፤ ክዳኑ ሻካራ ይሁን፣ ካልሲው ወፍራም። ጠንካራውን እጅ ለተወሰነ ሰዓት ጓንት አልብሶ ደካማውን ማሠራትም አለ፤ እሱን ግን ያለ ባለሙያ አይጀምሩት።

ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። እንዲህ ያለ እጅ ሙቀት ላይለይ ስለሚችል የመታጠቢያውን ውሃ በራስዎ ክንድ ይለኩት። የሚጥል በሽታ ካለበት ደግሞ፣ ከሴሬብራል ፓልሲ ጋር ብዙ ጊዜ ይገኛልና፣ ስለ ማሽከርከሩ መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክሩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቴራፒስቱን እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ «ከሦስት ወር በኋላ ልጄ በዚህ እጁ ምን እንዲሠራ ነው የምንለፋው?» «ይነቃቃል፣ ይረጋጋል» ብቻ ካለዎት፣ ብሩሹን ትቶ ካልሲው ላይ እንዲሠራ ይንገሩት።